የማግኔቷ ምስክር

ጉታ የተወለደው ከሰበታ ወጣ ብላ ባለች የገበሬ ቀዬ ነው፤ የሚኖረው ግን ሱሉልታ፣ በሚስቱ አባት ግቢ ውስጥ ነው። የት ነህ ብለው ሲጠይቁት "ሱሉልታ ነኝ" ይላል እንጂ "ቤቴ ሱሉልታ ነው" ሲል የሰማው ሰው የለም። ላሊሴን ያገባ ጊዜ ለጥቂት ወራት ብለው የገቡባት፣ ከግቢው ጥግ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ልጅ ተወልዶባት፣ ግድግዳዋ ታድሶ፣ በሯ ላይ መጋረጃ ተሰቅሎ ሳያስቡት የዘለቄታ ቤታቸው ሆነች። በእሱ አገር ወንድ ልጅ ሚስቱን ይዞ ወደ አባቱ ቀዬ ይሄዳል እንጂ ሚስቱ ቤት አይገባም። ይህን ማንም በቃል አላነሳበትም። ሰበታ ለልቅሶ ወይም ለሠርግ ሲሄድ ግን ዘመዶቹ "ያንተ ሰዎች ደህና ናቸው?" ብለው ስለ አማቱ ቤት ሲጠይቁት አንገቱን ሰበር ያደርጋል።

አማቱ ኦቦ ቦሩ ደግ ሰው ናቸው። የጉታ ችግርም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ተጣልቶ መውጣት ይችል ነበር። ኦቦ ቦሩ ግን የእርሻ መሬታቸው ወደ ከተማው ሲጠቃለል ባገኙት ካሳ ሚኒባስ ገዝተው፣ ቁልፉን ለወንድ ልጆቻቸው ሳይሆን ለእሱ ነው የሰጡት። "አንተ ረጋ ያልክ ሰው ነህ" አሉት። የአማትን ስም መጥራት ነውር ነውና እሱም "አባባ" ይላቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት በራቸው ላይ ቆሞ "አካም ቡልታኒ" ብሎ እንዴት እንዳደሩ ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም ነጠላቸውን እያስተካከሉ እስከ ግቢው በር ወጥተው ይሸኙታል።

ሚኒባሷ የሰርቪስ ሥራ ነበር የምትሠራው። በሱሉልታ አዲስ የተሠሩ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ፣ አዲስ አበባ ቢሮ የሚገቡ ሰዎች ተሰባስበው ይዘዋታል። ጠዋት ከየበራቸው ትለቅማቸዋለች፤ የእንጦጦን ዳገት ወጥታ ቁልቁለቱን ወደ አዲሱ ገበያ ትወርድና ከተማ ውስጥ ትበትናቸዋለች፤ ማታ መልሳ ታመጣቸዋለች። ተሳፋሪው ያው አንድ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን መስኮት እንደሚያስዘጋ፣ ማን ገና ሳይነጋ እንቅልፍ እንደሚጥለው ጉታ ያውቃል። ጋቢና አጠገቡ የምትቀመጠው ዕድላዊት የምትባል፣ ሆስፒታል ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠራ ሴት ነበረች። ብዙ አታወራም፤ የምታወራው ነገር ግን ሰው ጆሮ ውስጥ ይቀራል።

ናፍጣ የሚያስሞሉት ኦቦ ቦሩ ራሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋቢና ገብተው አብረው ማደያ ይሄዳሉ፤ ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም አብረው ይጠብቃሉ፤ የሳምንቱን አስሞልተው በስልካቸው ይከፍላሉ። ጉታ ይህንን ይወደው ነበር። ሰልፉ ላይ ወሬ ይወራል፤ አዛውንቱ የጥንቱን የሱሉልታ ሜዳ፣ የፈረሶቹን፣ የሣሩን ነገር ያነሳሉ። አባቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ነውና በእነዚያ ቅዳሜዎች አባት ያገኘ ይመስለው ነበር።

ማግኔቷ የመጣችው በክረምቱ መጨረሻ ነው። ስምዖን የሚባል፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሰፈራቸው ቤት የተከራየ፣ አነጋገሩ የተመጠነ ሰው አንድ ቀን ከግቢው በር ላይ አስቆመውና የነዳጅ መቆጠቢያ አሳየው። የሳሙና ቁራጭ የሚያህሉ ሁለት ጥቁር ማግኔቶች ናቸው፤ የነዳጁን ቱቦ ከሁለት ወገን አቅፈው በብሎን ይታሰራሉ። ናፍጣው በመሀላቸው ሲያልፍ ይበታተናል፣ ተበታትኖ ሲገባ ሞተሩ አሟጦ ያቃጥለዋል፣ ጭሱም ይቀንሳል አለ ስምዖን። ለሙከራ በነጻ እንደሚያስርለትም ነገረው። አብሮት የመጣው መካኒክ የጋቢናውን ወንበር ገልብጦ ማግኔቷን አሰረ፤ በዚያው እጁ የቆሸሸውን ፊልትሮ ቀየረ፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፈ፣ ጎማዎቹን ነፋ። ጉታ ለዚህ ሁሉ አመስግኖ ሸኛቸው።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሲደርስ ናፍጣው አላለቀም። በቀጣዩም እንደዚያው። ጉታ ተገረመ፤ ስምዖን ስልኩን ደግኖ "እስቲ ያየኸውን በራስህ አንደበት ተናገር" ሲለውም አላቅማማም። መሪውን እንደያዘ፣ ትንሽ እያፈረ፣ መጀመሪያ እንዳላመነ፣ አሁን ግን በዓይኑ እንዳየ ተናገረ። ውሸት አልነበረም። የዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ፊልትሮው አዲስ ነው፣ እሱ ራሱም ሙከራ ላይ ነኝ ብሎ እግሩን አለስልሶ ነበር የሚነዳው። ይህን ሁሉ ያሰበው ግን በኋላ ነው።

ቪዲዮው በቴሌግራምና በቲክቶክ ዞረ። ኦቦ ቦሩ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰዎች ስልካቸውን ዘርግተው "ይሄ የእርስዎ አማች አይደለም?" እያሉ አሳዩአቸው። ሽማግሌው በኩራት ተመለሱ። ብዙም ሳይቆዩ ከስምዖን ጋር ተነጋግረው የአካባቢው ወኪል ሆኑ፤ ካርቶኖች መጥተው ሳሎናቸው ጥግ ተደረደሩ። ከቡራዩ የእናታቸው ወገኖች መጥተው ገዙ። ሣር የሚጭኑ የአይሱዙ ባለቤቶች ገዙ። የዕድራቸው ሰዎች ገዙ። ኦቦ ቦሩ ስለ ማግኔትም ስለ ሞተርም አያውቁም፤ አውቃለሁም አላሉም። የሚጠራጠር ሰው ሲመጣ ጉታን ያስጠሩና "እኔ ነጋዴ አይደለሁም፣ እሱ ይንገርህ" ይላሉ። ጉታም ያየውን ይናገራል። አንድ ጊዜ ከተናገረ በኋላ ሁለተኛው ይቀላል፤ ሦስተኛውን ሰው ሲያነጋግር አፉ ብቻውን ነበር የሚሠራው።

መስከረም ገብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት መንገዱ እንደ ዱሮው ተጨናነቀ። አዲሱ ገበያ ላይ ሞተር ሳያጠፉ ቆሞ መጠበቅ ተመለሰ። ናፍጣውም እንደ ዱሮው መውረድ ጀመረ። ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ነገር ግን ኦቦ ቦሩ፣ ማግኔቷ እየቆጠበች ነው ብለው፣ የቅዳሜውን ናፍጣ ቀንሰው ነበር። ስስት አልነበረም፤ እንዲያውም የተረፈውን ለልጅ ልጃቸው ትምህርት እንደሚያስቀምጡ ለላሊሴ ነግረዋታል። ሐሙስ ሲደርስ የጌጁ ቀስት ወደ ታች ይወድቅና ጉታ ከመንገዱ ይልቅ እሱን እያየ ይነዳል።

አንድ ጠዋት ዕድላዊት ይህን ሲያደርግ አየችውና ማግኔቷ እንዴት ነች ብላ ጠየቀችው። ደህና ነች አላት። "ግን ናፍጣን ማግኔት ይስበዋል እንዴ?" አለችው። ለጨዋታ የተባለ ይመስል ሳቀ። ጥያቄው ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀው አለ። ማታ ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ሲመለስ መኪናዋን ዳር አቆመና ትንሽ ናፍጣ በፕላስቲክ ክዳን ላይ ጠብ አደረገ፤ ማግኔቷን ፈትቶ አስጠጋ፣ አራቀ፣ ዞር አደረገ። ናፍጣው ዝም ብሎ ተኛ። ይሄ ብቻ ምንም አያረጋግጥም ብሎ ራሱን ተከራከረና አንዱን ሳምንት ማግኔቷን ፈትቶ፣ ቀጣዩን አስሮ፣ ደግሞ ፈትቶ ነዳ። መንገዱ ያው ነው፣ ተሳፋሪው ያው ነው። ቀስቱም የወደቀው እዚያው ነው።

ለላሊሴ ነገራት። ልጃቸውን እያጠበች ነበር፤ እጇን ሳታደርቅ ዞራ አየችው።

"ለአባቴ እንዳትነግረው" አለችው።

"ሰው እየገዛ ነው እኮ ላሊሴ። ናፍጣውም አያዳርሰኝም።"

"ሰዎቹ ያመኑት እሱን ነው። በዚህ ዕድሜው ሱሉልታን ሁሉ አታለለ ይባል?" ልጁን በፎጣ ጠቅልላ አቀፈችው። "ደግሞ የምንኖረው በማን ቤት ነው?"

ይህን የመጨረሻውን ለክፋት አልተናገረችውም፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ በኋላ ግን ጉታን ግቢው ጠበበው። ጠዋት ኦቦ ቦሩ በር ድረስ ሲሸኙት፣ ማታ እህል ውኃ ሲያቀርቡለት፣ ልጁን አዝለው ሲያጫውቱ ሲያይ፣ እያንዳንዱ ደግነት አንድ መቀርቀሪያ የተጨመረበት ይመስለው ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ማደያው ሰልፍ ላይ እንደምንም ብሎ አነሳው። ናፍጣው እያነሰ ነው፣ እንደበፊቱ ቢሞላ ይሻላል አላቸው። ኦቦ ቦሩ አልተቆጡም። "ፊልሙ ላይ የተናገርከው አንተ አይደለህም?" አሉት። "ነኝ አባባ" አለ። "እንግዲያው ማግኔቷ ያችው ናት፣ መኪናዋም ያችው ናት። እግርህን ቀለል አድርግ ልጄ።" ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። ስምዖን ዘንድም ደወለ። ሰውየው ስልክ የሚዘጋ፣ የሚጠፋ ዓይነት አልነበረም፤ በትህትና አዳመጠውና ውጤቱ እንደ አነዳዱ እንደሚለያይ ነገረው። ጉታ ስልኩን ሲዘጋ ይህ ቃል በምንም መንገድ ሊሸነፍ እንደማይችል ገባው። ናፍጣ ከቆጠበ ማግኔቷ ናት፤ ካልቆጠበ ጉታ ነው።

በፎሌ መውረድ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። የእንጦጦን ራስ እንዳለፈ ማርሹን ያወጣና መኪናዋን ለቁልቁለቱ ይለቃታል። መጀመሪያ ሞተሩን ሳያጠፋ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ጉዳዩ ሲጠና ሞተሩንም ማጥፋት ለመደ፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ያስነሳዋል። የተከለከለ መሆኑን ያውቃል፤ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ያስተማረው ሰው ሞተሯ የጠፋች መኪና ፍሬኗም መሪዋም እንደሚደነድን ደጋግሞ ነግሮታል። ናፍጣው ግን ቅዳሜን መድረስ ጀመረ። ኦቦ ቦሩ ጌጁን አይተው "አየህ?" አሉት፤ ደስታቸው ልጅ ያስመስላቸው ነበር። ስለዚህ የማግኔቷን ውሸት በገዛ እግሩ እውነት የሚያደርገው እሱ ራሱ ሆነ። ቢተው ናፍጣ ያልቃል፤ ባይተው ማግኔቷ ትሸጣለች።

የሞተሩ ድምፅ ሲጠፋ መኪናዋ ውስጥ ልዩ ፀጥታ ይወርዳል። የተኙት ይነቃሉ። ዕድላዊት አንድ ሁለቴ ሞተሩ ምን ሆነ አለችው፤ ቁልቁለት ላይ እንዲህ ነው አላት። ሦስተኛ አልጠየቀችውም፤ ቀበቶዋን ግን ጠበቅ አድርጋ ማሰር ጀመረች።

ያን ሰሞን እሑድ ቀን ኦቦ ቦሩ ዘንድ ምሳ ላይ ተቀምጠው ሳለ የጉታ ስልክ ጮኸ። ከሰበታ ታላቅ ወንድሙ ገርባ ነበር። ገርባ ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ይነዳል፤ አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ጉታን ያሳደገው እሱ ነው። ኦቦ ቦሩ ገርባን ይወዱታልና ሰላምታ ሊሰጡት ድምፁን ክፈተው አሉ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ገርባ የደወለበትን ጉዳይ ተናገረ። ቪዲዮውን አይቷል፤ ማግኔቷን ለራሱ ሊገዛ ነው፣ ጓደኞቹም እሱን እየጠበቁ ነው። "ለሌላው ሰው የምትለውን ተወው፤ ለእኔ ንገረኝ። ልግዛ?" አለ።

ኦቦ ቦሩ እንጀራ ቆርሰው የያዙበት እጅ አፋቸው ሳይደርስ ቆሞ፣ ፈገግ ብለው ጉታን ያዩታል። ላሊሴ ትሪውን ታያለች።

"ግዛ" አለ ጉታ።

ምሳው ሲያበቃ ደጅ ወጥቶ መልሶ ሊደውል ስልኩን ደጋግሞ አወጣ፤ ምን ብሎ እንደሚጀምር ግን አጣ። ነገ እደውላለሁ አለ። ነገውም እንዲሁ አለፈ። ገርባ ገዛ፤ ጓደኞቹም ገዙ።

አደጋው የደረሰው በጭጋጋማ ጠዋት ነው፤ ቀኑም ሐሙስ ነበር። ጉታ ከራሱ ጋር ሲሟገት ነው ያደረው፤ ዛሬስ በማርሽ እወርዳለሁ ብሎ ነበር የወጣው። የእንጦጦ ራስ ላይ ሲደርስ ቀስቱን አየና እጁ ልማዱን አደረገ። ሞተሩ ጠፋ። መኪናዋ በጭጋጉ ውስጥ ያለ ድምፅ ትንሸራተት ጀመር። ከአንድ ጠመዝማዛ እንደወጡ ጎማ የፈነዳበት የጭነት መኪና መንገዱን ይዞ ቆሟል። ጉታ ፍሬን ያዘ፤ መኪናዋ ቀነሰች እንጂ አልቆመችም። እንደገና ሲረግጥ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነበት። ሁለት እግሩን ጫነበት። ማርሽ ሊያስገባ ሞከረ፤ ካምቢዮው እየተንገጫገጨ አልገባ አለ። በግራ ከታች የሚወጣ አውቶብስ መብራቱን አብርቶ ይመጣል። የደነደነውን መሪ በሙሉ አካሉ ወደ ቀኝ ጠመዘዘው፤ ሚኒባሷ የውኃ መውረጃውን ቦይ መታች፤ የባሕር ዛፉን ሥር ታክካ በጎኗ ተኛች።

ማንም አልሞተም። ከኋላ የተቀመጡት ተፈነካከቱ፣ ተላላጡ፤ አንዱ ጥርሱን አጣ። የዕድላዊት ቀኝ ክንድ ተሰበረ። ሰዎች በመስተዋቱ በኩል ሲያወጧት ፊቷ አመድ መስሎ፣ ሳትጮህ፣ ክንዷን ደረቷ ላይ አቅፋ የጉታን ዓይን አየች። እሱ ላይ ምንም አልደረሰም። ይህም ራሱን የቻለ ቅጣት ሆነበት።

ትራፊክ ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየና ማርሹ ፎሌ ላይ፣ ሞተሩም ጠፍቶ እንደነበር አወቀ። ተሳፋሪዎቹም ድምፅ እንዳልነበራት መሰከሩ። መንጃ ፈቃዱ ተያዘ። ለምን እንዲህ አደረግህ ሲባል ጉታ ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ መለሰ። ፖሊሱ ቀና ብሎ አየውና "አንተ ያ የማግኔቱ ሰውዬ አይደለህም?" አለው። ዙሪያው የቆሙት ሰዎች ዘወር ብለው አዩት። ቆጣቢ መሣሪያ የታሰረላት መኪና ናፍጣ አንሷት በፎሌ ወረደች ቢባል ማን ያምናል? አሁን እውነቱን ቢናገር ጥፋቱን በማግኔት ሊያሳብብ የፈለገ ግዴለሽ ሹፌር ከመባል አያልፍም። ስለ ማግኔቷ ምንም ሳያነሳ የተሰጠውን ወረቀት ፈረመ።

ኦቦ ቦሩ እዚያው ድረስ መጡ። የወደቀችውን መኪና ዞረው አዩ፤ ጉታን አቅፈው ዋቃ አተረፈህ አሉት። ቤት ከገቡ በኋላ ግን ሊጠይቅ ለመጣው ጎረቤት ሁሉ፣ መሣሪያው ምንም እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ የልጁ መቸኮል እንደሆነ ያስረዱ ነበር። ጉታ ከዚያችው ከጥግ ቤቱ ሆኖ ድምፃቸውን ይሰማል። የሚናገሩት ሐሰት አልነበረም፤ ሞተሩን ያጠፋው እሱ ነው።

ዕድላዊትን ሊጠይቅ የሄደው ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ስትተኛ ነው። ክንዷ በጀሶ ታስሮ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ይቅርታ ጠየቃት፤ ከዚያም ማንም ሳያስገድደው ሁሉንም ነገራት፤ የክረምቱን ነገር፣ ማግኔቷን ፈትቶ ማየቱን፣ የተቀነሰውን ናፍጣ፣ የአማቱን ቤት። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"አንተ የምታውቀውን እያወቅክ ነው ያወረድከን" አለች። "እኔ እኮ ተሳፋሪ ነበርኩ።"

እናቷ እስከ በር ሸኙት።

በዚያው ሳምንት ሰበታ ሄደ። ከሱሉልታ በታክሲ ተሳፍሮ ያንኑ ቁልቁለት ሲወርድ ቀኝ እግሩ ሳያዘው ወለሉን ሲረግጥ ተገነዘበ። አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ ዓለም ገናን አልፎ ሰበታ ደረሰ። ገርባን ያገኘው መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ነው። እግሩን አይቶ አወቀው። እዚያው መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ለወንድሙ እግር የሚናገር ይመስል፣ ማግኔቷ እንደማትሠራ፣ ያን ቀን አማቱ ፊት ስለነበር እንደዋሸው ተናገረ።

ገርባ ከሥር ወጣ። እጁን ጣት በጣት በጨርቅ ጠረገ። ጉታ ስድብ ጠበቀ፤ ዱላም ቢሆን ይቀበል ነበር።

"እኔ እኮ የኔ ብቻ የተበላሸ መስሎኝ ነው" አለ ገርባ። "በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቅሁት። ያንተ እንደሚሠራ ስለነገርከኝ፣ አስተሳሰሩ ነው ብዬ ፈትቼ መልሼ አሰርኩት። ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ ደህና ነው አልኳቸው። ወንድሜ ውሸታም ነው ልበል?"

"እነሱስ ምን አሉ?"

"የእኛም ደህና ነው አሉኝ።"

ሁለቱም ተያዩ። ገርባ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። ከዚያ ጉታን ሻይ ቤት ወስዶ አበላው፤ ሰበታ ተመልሶ እንዲኖር፣ ቤት እስኪያገኝ እሱ ዘንድ እንዲያርፍ ነገረው። ጉታ ቀኑን ሙሉ አሰበበት። ላሊሴ አባቷን ጥላ እንደማትመጣ ያውቃል፤ ልጁም እንዲሁ። መኪናዋን ገልብጦ ሸሸ እንደሚባልም ያውቃል። በማግስቱ ወደ ሱሉልታ ተመለሰ።

ሚኒባሷ ተቀጥቅጣ፣ ቀለም ተቀብታ ከጋራዥ ስትወጣ ኦቦ ቦሩ ኢብሳ የሚባል ሹፌር ቀጠሩ። ኢብሳ አዲስ ትዳር የያዘ፣ ሥራውን ላለማጣት የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ለሰርቪሱም ሌሎች ተሳፋሪዎች ተገኙ። ቅዳሜ ከማደያ ሲመለሱ ጉታ ግቢው ውስጥ ነበር። ኢብሳ ጌጁን እያየ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ ይህ እስከ ቅዳሜ ያዳርሳል ወይ ብሎ ሽማግሌውን ሲጠይቅ ሰማ። ኦቦ ቦሩ ማግኔቷ እንዳለች ነገሩት፤ እግርህን ቀለል አድርግ አሉት። ኢብሳ "እሺ" አለ። አንገቱን የሰበረበት አኳኋን ጉታን ከተቀመጠበት አስነሳው።

"አያዳርስም አባባ" አለ።

ኦቦ ቦሩ ዞሩ።

"እኔንም አላዳረሰኝም። ሞተር እያጠፋሁ በፎሌ ስለማወርዳት ነበር ቅዳሜን የምትደርሰው። ማግኔቷ ምንም አትሠራም። ፈትቼም አስሬም አይቻለሁ። ለገርባም የነገርኩት እርስዎን አፍሬ ነው።"

ላሊሴ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ሽማግሌው መጀመሪያ ያዩት እሷን ነው። "አንቺም ታውቂያለሽ?" አሏት በኦሮምኛ። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ኦቦ ቦሩ የሚቀመጡበትን ፈልገው የግቢው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ በትራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ኢብሳ መሄድም መቆምም አቅቶት ቁልፉን እጁ ላይ ያገላብጣል። በመጨረሻ ሽማግሌው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና፣ ወደ ጉታ ሳያዩ፣ "ና፣ ተመልሰን እናስሞላ" አሉት ኢብሳን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጉታ የሚሰጡት ሰላምታ አጠረ። ሲጠይቃቸው ይመልሳሉ፤ እሳቸው ግን አይጠይቁትም። ማግኔቷን ከመኪናዋ አላስፈቷትም፤ ካርቶኖቹንም አላስወጡም፤ ልብስ ጣሉባቸውና ሳሎኑ ጥግ ቀሩ። ለሰው አንድም ነገር አልተናገሩም። ጉታ መንጃ ፈቃዱ እስኪመለስለት ሣር በሚጫንበት ቦታ የጉልበት ሥራ እየሠራ፣ ማታ ማታ ወደዚያው ግቢ ይገባ ነበር። ላሊሴ ታናግረዋለች፤ አንዳንዴ ብቻ ምግብ ስታቀርብለት "ቢያንስ ለብቻው ብትነግረው ኖሮ" ትለዋለች። እሱም ልክ ናት ይላል በልቡ። ማደያው ሰልፍ ላይ ለብቻቸው የሞከረ ጊዜ ምን እንደሆነ ግን አያነሳባትም።

አንድ እሑድ ከቡራዩ የኦቦ ቦሩ የአክስት ልጅ የሆኑ ሽማግሌ መጡ። ልጃቸው ሚኒባስ ገዝቷልና ማግኔት ሊወስዱለት ነበር። ሳሎን ተቀምጠው ብዙ ከተጨዋወቱ በኋላ ኦቦ ቦሩ ጉታን አስጠሩት። ገብቶ እጅ ነስቶ ቆመ። ኦቦ ቦሩ እንግዳውን ሳይሆን መስኮቱን እያዩ፣ "ንገራቸው" አሉት።

ጉታ ምን እንዲናገር እንደፈለጉ አላወቀም። ፊታቸውን ፈለገ፤ አልሰጡትም። ማግኔቷ አትሠራም አለ፤ እንግዳው ያልሰሙት ቢመስለው ደገመው። ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ወደ ኦቦ ቦሩ ዞሩ። ኦቦ ቦሩ አላስተባበሉም፤ አላጸኑምም። ጥቂት ቆይተው የቡራዩ ከብቶች በዚህ ዓመት እንዴት ናቸው ብለው ጠየቁ።

ከዚያ ወዲህ የሚጠይቅ በመጣ ቁጥር፣ የገዛም ተቆጥቶ በመጣ ቁጥር፣ ጉታ ይጠራል። ያቺኑ ቃል ይናገራል፤ ስድቡንም የሚቀበለው እሱ ነው፤ ኦቦ ቦሩ አጠገቡ ተቀምጠው መስኮቱን ያያሉ። እኚያ የቡራዩ እንግዳ የሄዱ ቀን ኦቦ ቦሩ እስከ ግቢው በር ወጥተው ሸኟቸው። ጉታ የተጠጣባቸውን ብርጭቆዎች ሰብስቦ፣ ላሊሴ ወደምታጥብበት ወሰደላት።